የንጉሡ ሹሩባና የልጄ ጸጉር

መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስ ሁለት ዘለላ ጸጉር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የተረከቡት የያኔዋ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ዶክተር ሂሩት ካሳው ነበሩ። እኔ ዜናውን የተመለከትሁት አዲስ አበባ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነው። ታሪክ አስተምራለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁትም ደባርቅ ነው። ስለዚህ ዓይኔ እንባ ቢያቀርር የሚፈርድብኝ አይኖርም።

ከጎኔ የ11 ዓመት ልጄ ተቀምጣ ነበር። ራሷ በሻሽ ታስሯል። ከሦስት ቀን በፊት በአንድ የውበት ሳሎን ጸጉሯ እንዲለሰልስ ተብሎ መድኃኒት ተቀብቶላት፣ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳዋ ተቃጥሎ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ወደዚያ የሄደችው አንዲት መምህርት በተማሪዎች ፊት «ይህን ጫካ አበጥሪው እንጂ» ብላ ስላሳቀቀቻት ነው። ልጄ አልቅሳ ወደ ቤት ስትመጣ እኔ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ መጠየቅ ሲገባኝ ወደ ኪሴ ገባሁ። ገንዘቡን የከፈልሁት እኔ ነኝ።

ዜናው ሲያልቅ ልጄ ዞር ብላ፣

«አባዬ፣ የንጉሡ ጸጉር ከርዳዳ ነበር?» አለችኝ።

«ሹሩባ ነበር» አልኋት።

«እሱማ ገባኝ። ከመሠራቱ በፊትስ?»

ስለ ዘመነ መሳፍንት ለሰዓታት ላወራ እችላለሁ። ለዚህች ጥያቄ ግን አፌ ተያዘ። አንድ አገር የአንድን ንጉሥ ጸጉር በክብር ሲቀበል፣ በዚያው ሳምንት የዚያው አገር ምሁር የገዛ ልጁን ተመሳሳይ ጸጉር በኬሚካል ያስቃጥላል። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለልጄ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ከደራስጌ እስከ ለንደን

የዚያ ጸጉር ታሪክ ከስሜን ጋር የተቆራኘ ነው። ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በጃናሞራ የደራስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ለራሳቸው ንግሥ አስበው ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ኃይሉ እዚያው ስሜን ላይ ድል አደረጓቸውና በተዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተባሉ። ኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። የንጉሡ ዘውድ፣ የንጉሡ ሚስትና የንጉሡ አልጋ ወራሽ ከስሜን ጋር የተያያዙት በዚህ መንገድ ነው።

ለእኔ ከተማ ለደባርቅ ግን የቴዎድሮስ ትዝታ ቁስልም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1860 ንጉሡ የእንግሊዙን ቆንስል ፕላውዴንን የገደለውን ሽፍታውን ጋረድን ሊቀጡ ወደዚህ ዘመቱ። ወዳጃቸው ጆን ቤል በዚያ ውጊያ ሞተ። ንጉሡም በንዴት የተማረኩትን ሰዎች በብዛት አስፈጁ። ይህን የማነሣው ጸጉሩ የቅዱስ ጸጉር እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው። ልናከብረው የሚገባን የሰውየው ሥራ ሁሉ ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን የእኛ ስለሆነ ነው።

የመጨረሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የጄኔራል ናፒዬር ጦር መቅደላን ሲሰብር ንጉሡ እጃቸውን ከመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው መሞትን መረጡ። ወታደሮቹ አስከሬኑን ከብበው ከልብሱ እየቀደዱ ለማስታወሻ ወሰዱ፤ ከጸጉሩም ቆረጡ። አስከሬኑን በሥዕል የቀረጸ አንድ መኮንን ዘንድ የነበረው ዘለላ በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሙዚየሙ ተሰጠ። ከዚያም 60 ዓመት በሙዚየም ተቀመጠ።

ልብ በሉ፤ ቆራጮቹ የንጉሡን ጸጉር የወሰዱት ምልክት መሆኑን ስላወቁ ነው። ምልክትነቱን ግን ከእነርሱ በፊት እኛው እናውቀው ነበር።

ጸጉር ማዕረግ በነበረበት ዘመን

ቴዎድሮስን በዓይናቸው ያዩ አውሮፓውያን ጸጉራቸው ከግንባራቸው ወደ ኋላ በወፋፍራሙ ተጎንጉኖ ይወርድ እንደነበር ጽፈዋል። ይህ የጦረኛ ሹሩባ ነው። በወግ የሚፈቀደው ለማንም አልነበረም፤ ጠላት ወይም አውሬ ገድሎ የተመለሰ ሰው የሚሠራው ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በታወቀው ምስላቸው ሹሩባ ተሠርተው ይታያሉ። ከስሜን ገዢዎች ቤተሰብ የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱም እንዲሁ።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። የአንበሳ የአንገት ጸጉር «ጎፈር» ይባላል። ጀግና በራሱ ላይ የሚያደርገው የአንበሳ ጸጉር ጌጥም «ጎፈር» ነው። የሰው ጸጉር ሳይጎነጎን ዙሪያውን ተነሥቶ ሲቆም «ጎፈሬ» እንለዋለን። ያቺ መምህርት «ጫካ» ያለችውን ነገር ቋንቋችን ከአንበሳ ጋር አዛምዶ ሰይሞታል።

ከእኛ ውጭ የመጣ እንግዳም ይህን ወግ አይቶ ተቀብሎታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ዛሬ ከደባርቅ ቁልቁል የሚታየውን የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ገባ። ቤተ መንግሥት ለመታየት ሲዘጋጅ ጸጉሩ በአገሩ ወግ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎና ሽቶ ተቀብቶ፣ በመልኩ ፍጹም አበሻ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ከ70 ዓመት በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስም ጸጉሩን ተሠርቶና ቅቤ ተቀብቶ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። ዛሬ የእኛ ልጆች የእነርሱን ጸጉር ለመምሰል እንደሚለፉ ሁሉ፣ ያኔ ጎንደርና ትግራይ የገባ አውሮፓዊ የእኛን ለመምሰል ይለፋ ነበር ማለት ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ይመልከት። ከላይ ቁልቁል የሚያዩት መላእክት ጸጉራቸው ጥቁር ነው፤ ክብ ሆኖ ፊታቸውን ከቦታል። ሠዓሊዎቹ ቅድስናን ሲያስቡ የሚያውቁትን ጸጉር ሣሉ።

ጸጉር ዕድሜንም ይናገር ነበር። ሕፃን ቁንጮ ወይም ጋሜ ይደረግለታል። ያላገባች ልጃገረድ መሐል አናቷን ተላጭታ ሳዱላ ትሆናለች፤ ስታገባ ታሳድገዋለች። ጸጉር የሐዘንም ቋንቋ ነበር፤ አሁንም ነው። ባሏን ወይም ልጇን የቀበረች ሴት ጸጉሯን ትላጫለች። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ከተጨፈጨፉ በኋላ ወደ አገሬ ስሄድ፣ የሐዘኑን ስፋት ማንም ሳይነግረኝ በገበያ ካየኋቸው የተላጩ ራሶች ዐወቅሁት።

ነገር ግን እንዳንሳሳት። ያ ዘመን የጸጉር ነጻነት ዘመን አልነበረም። ሹሩባ የሚሠራና የማይሠራ ተለይቶ ነበር፤ የልጃገረድ አናት የሚላጨው ፈቃዷ ተጠይቆ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ሳዱላ እንመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ አብሬው አልሄድም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ዘመን በሌላው ሁሉ ቢያዳላም ጸጉሩን አያፍርበትም ነበር።

የወልቅፊት ጎፈሬ

ከደባርቅ በስተሰሜን ወደ ሊማሊሞ ሲወጡ ወልቅፊት የሚባል በር አለ። የጣልያን ጦር እዚህ መሽጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 አርበኞች ከብበው ሲያስጨንቁት ቆይተው፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. ምሽጉ ለእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ። በጎንደር ምድር የጣልያን የመጨረሻ ምሽጎች ከወደቁበት አንዱ ይህ ነው።

የዚያ ዘመን አርበኞች ፎቶግራፍ ያየ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስተውለው ጸጉራቸውን ነው። ጠላት ከአገር ሳይወጣ ጸጉሬን አልቆረጥም ብሎ ስለት የገባ ብዙ ነበር። የጎጃሙን በላይ ዘለቀን አስቡ። እናቴም ስለ አባቷ የምትነግረን ይህንኑ ነው። ጎፈሬው ላይ ሚዶ ሰክቶ ከጫካ ሲመጣ ልጆች ይፈሩት ነበር፤ እርሱ ግን መሣሪያውን ከማስቀመጡ በፊት «ቅቤ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር አሉ። በእናቴ ቤት ይህ እስከ ዛሬ ሲነሣ ያስቃል። በጦርነት መካከል እንኳ ጸጉር ክብካቤ የሚገባው ነገር ነበር።

ታዲያ የአርበኛው የልጅ ልጅ ልጅ በአንዲት መምህርት ቃል የምታለቅስበት ዘመን እንዴት መጣ?

ሉጫ፣ ዞማ፣ ከርዳዳ

ቀላሉ መልስ «ፈረንጅ አመጣው» የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ከነጻነት በኋላ በከተሞቻችን የተከፈቱት የውበት ሳሎኖች ዕቃቸውንም ቃላቸውንም ከአውሮፓ አመጡ፤ ካስክ፣ ፒያስትራ፣ ቢጎዲን፣ ኋላም ፐርምና ሪላክሰር። ከዚህ ሁሉ ጋር የመጣው የውበት ሚዛን በሌላ ጸጉር የተለካ ነበር። ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ከባርነት የወጡት ወገኖች ሥራ ለማግኘት ጸጉራቸውን በጋለ ማበጠሪያና በሚያቃጥል ቅባት ማለስለስ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ማልኮም ኤክስ በግለ ታሪኩ ወጣት ሳለ ጭንቅላቱን እያቃጠለ ጸጉሩን ያስተኛበትን ቀን የራስን መናቅ መጀመሪያ አድርጎ ያወሳዋል።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ለፈረንጅ ሰጥተን እጃችንን ብንታጠብ ውሸታሞች እንሆናለን። «ዞማ ጸጉር»ን ስናሞግስ የኖርን እኛው ነን። «ሉጫ»ን ከ«ከርዳዳ» አስበልጠን የሰየምን እኛው ነን። በአገራችን የቆዳ ጥቁረትና የጸጉር ጥቅልልነት የባርነት ምልክት ተደርጎ ይነሣ እንደነበር የማያውቅ አለን? ባርነት በሕግ የተሻረው ወልቅፊት ነጻ በወጣበት በዚያው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ሰዎቹን ነጻ አወጣ፤ ቃላቱን ግን ነጻ አላወጣም። እነሆ ከ80 ዓመት በላይ ቆይተው አሁንም በየመማሪያ ክፍሉ ልጆች እርስ በርሳቸው ይወራወሩባቸዋል። የንጉሡንም ታሪክ አስቡ፤ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር እየተነገረን አድገናል። ንቀት ጸጉርን ብቻ አይመርጥም፤ ያገኘውን ይይዛል።

የእኔ ልጅ «ከርዳዳ» የሚለውን ቃል የተማረችው ከለንደን አይደለም። ከቤተሰባችን ነው። ስትወለድ ሊጠይቁን የመጡ ዘመዶች «ጸጉሯ ግን የማንን ወጣ?» ሲሉ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ትውልዶች ይህን ለመስበር አልሞከሩም ማለቴ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያቸው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት የባዕድ ባህል ነው ብለው በተቃውሞ አወኩት። በዚያው ዘመን ከአሜሪካ ጥቁሮች የነጻነት ትግል ጋር «አፍሮ» የሚባለው አቆራረጥ መጣና የከተማ ወጣቶች ጎፈሬያቸውን አሳደጉ። አያቱ በወልቅፊት ያጎፈረውን የልጅ ልጁ በእንግሊዝኛ ስሙ መልሶ ተዋሰው! ይሁን፤ ተዋሰውም መለሰውም። ነገር ግን ፋሽን ነበረና እንደ ፋሽን አለፈ። ንቀቱ ከሥሩ አልተነቀለም።

ግራ መጋባታችን እስከ ዛሬ አለ። ገዳም ያለ ባሕታዊ ጸጉሩ ተቋጥሮ ትከሻው ላይ ቢወርድ እግሩን እንስማለን። ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት ያንኑ ጸጉር ቢያሳድግ ዱርዬ እንለዋለን። የሶምሶንን ሰባት ጉንጉን በሰንበት ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ ሰኞ ልጁን ከትምህርት ቤት በር ላይ «ተቆረጥ» ብለን እንመልሰዋለን።

የእናቴ እጅ

በዚያው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ልጄን ይዤ ደባርቅ ወረድሁ። እናቴ ሻሹን ፈታ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ጠባሳ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አንች ልጅ፣ ምን አቃጠለሽ?» አለቻት። ልጄ ዝም ስትል ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ተምረህ ተምረህ ለዚህ ከፈልህ?»

የምመልሰው አልነበረኝም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አዲስ አበባ ያደጉ ብዙ እናቶች ይህን የሚያሳያቸው አጥተዋልና። በመጀመሪያ በመድኃኒት የተጎዳውን የጸጉር ጫፍ በመቀስ ቆረጠችው። ጸጉሩን አልላጨችውም፤ «ሐዘን የለብሽም» አለቻት። ቁስሉ ጨርሶ መዳኑን አይታ፣ ለጋ ቅቤ በአደስ አሽታ አናቷን ቀባቻትና በጨርቅ ጠቀለለችው። በማግሥቱ ለብ ባለ ውኃ አጠበችው። ያጠበችውን ጸጉር ሳይደርቅ ጥርሱ ሰፋ ባለ የእንጨት ሚዶ ማበጠር ጀመረች፤ ከአናት ሳይሆን ከጫፍ ጀምራ፣ ቋጠሮውን በጣቷ እየፈታች፣ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ። ልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ ማበጠር ማለት ማልቀስ ይመስላት ነበር። ከዚያም በወስፌ ጫፍ መስመር እያወጣች ሹሩባ ሠራቻት። ከሰዓት በኋላው በሙሉ በዚህ አለቀ። ልጄ በአያቷ ጉልበቶች መካከል ተቀምጣ ስለ አያት ቅድመ አያቷ ጎፈሬ፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ሊማሊሞ ሰማች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ስመለከት አንድ ነገር ተገለጠልኝ። የጸጉር ሥራ ማለት አንድ ልጅ ለረጅም ሰዓት በሚወዳት ሰው እጅ ውስጥ የምትቆይበት ጊዜ ነው። እኔ ያን ጊዜ በአርባ ደቂቃ የኬሚካል ሥራ ለውጬው ነበር።

እናቴ የምታደርገው ሁሉ ትክክል ነው አልልም። ሹሩባ በጣም ሲጠብቅ የግንባር ጸጉር ይመልጣል፤ በአገራችን ስንት እናቶች ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸው በዚህ ነው! ልጄ «አያቴ፣ አመመኝ» ስትል እናቴ «ውበት ያለ ሕመም የለም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ጠባሳውን አየችና ተወችው። አላልታ ሠራችው።

ጸጉሩ ራሱ የሚለው

እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ያነበብሁትን ላካፍላችሁ። ጥቅልል ጸጉር ከሉጫ ጸጉር የሚለየው በአፈጣጠሩ እንጂ በጉድለቱ አይደለም። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ተፈጥሯዊ ቅባት ቀጥ ባለ ጸጉር ላይ በቀላሉ ወደ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ጫፉ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ጥቅልል ጸጉር ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰበራል። ቅቤው የሚያደርገው የጎደለውን ቅባት መስጠት ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ነፋሷ የሚያደርቅ፣ ፀሐይዋ የምታቃጥል ከተማ ናት። እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ዕውቀት ከዚህ ችግር የተወለደ ነው። የቅቤ ጠረን ለቢሮ አይሆንም የሚል ሰው ተልባ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ የወጣውን ልጋግ መሰል ፈሳሽ መቀባት ይችላል። ማታ ማታ ራስን በሻሽ ማሰር፣ ሲበጠር ከጫፍ መጀመር፣ ሹሩባን አለማጥበቅ፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ቲና ላሲሲ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሙቀት በሚለካ አሻንጉሊት ራስ ላይ የተለያየ ዓይነት ጸጉር አድርገው ሲፈትሹ፣ ጭንቅላትን ከፀሐይ ሙቀት አብልጦ የሚከላከለው ጥብቅ ጥቅልል ያለው ጸጉር ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ «ከርዳዳ» ብለን የሰደብነው ነገር ተፈጥሮ የሰጠን ጥላ ነው።

የማለስለሻው መድኃኒትስ? ጠንካሮቹ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለባቸው፤ የተዘጋ ቧንቧ የምንከፍትበት ዓይነት ነገር ነው። የጸጉሩን ውስጣዊ ማሠሪያ ሰብሮ ያስተኛዋል፤ የሰበረው አይመለስም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በአሜሪካ የወጣ፣ 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት አለ። ማለስለሻ ተጠቅመው ከማያውቁት መካከል እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ የማሕፀን ካንሰር የሚይዛቸው 1.64 በመቶ ሲገመቱ፣ አዘውትረው ከሚጠቀሙት መካከል 4.05 በመቶ ሆነዋል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም። ለእኔ ግን ልጄን ዳግም ወደዚያ ወንበር ላለመላክ በቂ ነበር።

ይህን ስል በጸጉሯ ላይ የወሰነችን ሴት ለመኮነን አይደለም። አዋቂ ሴት ጸጉሯን ብታስተኩሰው፣ ብትቆርጠው፣ ብትሸፍነው የራሷ ጉዳይ ነው። የእኔ ጥያቄ ምርጫ ላልተሰጣቸው ልጆች ነው።

ቅርስ ማስመለስ ከየት ይጀምራል?

የንጉሡ ጸጉር በተመለሰበት በዚያው እ.ኤ.አ. 2019 የካሊፎርኒያ ግዛት ማንም ሰው በተፈጥሮ ጸጉሩ፣ በሹሩባው ወይም በድሬድሎኩ ምክንያት ከሥራም ከትምህርትም እንዳይገለል በሕግ ደነገገ። ጥቁሮችን በባርነት ስትገዛ የኖረች አገር ይህን ሕግ ስታወጣ፣ ቅኝ አልተገዛንም የምንል እኛ በየትምህርት ቤቱ ደንብ ውስጥ «የተንጨባረረ ጸጉር» የሚል አንቀጽ እናኖራለን። የተንጨባረረ የሚባለው ምን እንደሆነ ማን ይወስናል? ንጽሕና መጠየቅ ተገቢ ነው። ንጹሕ ጎፈሬ ግን ንጹሕ ነው። ከመቅደላ የተዘረፈውን ሁሉ እናስመልስ፤ ድምፄን አብሬ አሰማለሁ። ነገር ግን ሚኒስቴሩ ለንደን ድረስ ሄዶ ያስመለሰውን ነገር፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ በር ላይ እየመለሰው መሆኑን እንወቅ።

መስከረም 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌላ ዜና መጣ። የልዑል ዓለማየሁ አንድ ዘለላ ጸጉር ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ አምባሳደር ተሰጠ። ያስረከቡት ልጁን በሞግዚትነት ያሳደገው የካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ዝርያዎች ናቸው። የደጃች ውቤ የልጅ ልጅ፣ የስሜን ልጅ። አባቱ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ እናቱ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በግንቦት 1860 ዓ.ም. ትግራይ ላይ ሞቱ። እርሱ በ7 ዓመቱ ብቻውን ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም። የመጣችው ያቺ ዘለላ ጸጉር ብቻ ናት።

ዜናውን ያየነው አሁንም አብረን ነው። ልጄ ያኔ አድጋ ነበር፤ ሹሩባዋን ራሷ ትሠራለች። እንደ ልማዷ ዝም ብላ ቆየችና፣

«አባዬ፣ እዚያ አገር ጸጉሩን ማን ያበጥርለት ነበር?» አለችኝ።

ለዚህም መልስ የለኝም። ለራሳችን ልጆች ግን መልሱ በእጃችን ነው።

ቸር ይግጠመን።